ዛዲንጋ ከዳነ ወዲህ

ሰው ሲድን ጎረቤቱም አብሮ የሚያርፍ ይመስላችኋል። እኛም መስሎን ነበር።

የዛዲንጋ ቤት ከእኛ ቤት በታች ነው። በአገራችን በሚዞ ኮረብታ ላይ ቤት የሚሠራው ቁልቁለቱ ላይ በግንድ ተደግፎ ስለሆነ የእኛ ወለል ከእሱ ጣሪያ ጋር እኩል ነው። ሲያስል እንሰማዋለን፤ ሲሳደብ ቃል በቃል እናውቀዋለን። ሙያው አናጢነት ነው፤ እንደ እሱ በር የሚገጥም በአካባቢያችን የለም። ችግሩ የሩዝ አረቄ ከቀመሰ በኋላ ነው። አማቴ ዳርታንጊ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከዚህ ሰውዬ ጋር በዶሮ፣ በአሳማ፣ በዝናብ ውሃ፣ በዘፈን ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። እኔ ልጃቸውን አግብቼ ስመጣ መጀመሪያ ያስተማሩኝ አሳማ መቀለብ አልነበረም፤ የዛዲንጋን መስኮት አይቶ መስከር አለመስከሩን መለየት ነበር።

በደረቁ ወራት መጨረሻ ቤተ ክርስቲያናችን የመነቃቃት ጉባኤ አዘጋጀች። ከሩቅ ሸለቆ የመጣው ሰባኪ ቀጭን፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ነበር። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ጸጋ ተናገረ። ኃጢአት ማለት ክፉ አሠሪ ነው አለ። ክርስቶስ ከዚያ አሠሪ አውጥቶሃል፤ ታዲያ የድሮው ጌታህ ከመንገድ ማዶ ሲጠራህ ዛሬም "አቤት!" እያልክ የምትሮጠው ለምንድን ነው? አለ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ዛዲንጋ ብድግ አለ። ከበሮው ተመታ፤ ምእመኑ እንደ ልማዳችን ክብ ሠርቶ መወዝወዝ ጀመረ፤ ዛዲንጋም እንባና ንፍጡን ሳይጠርግ መሐል ገብቶ እንደ ሕፃን እየዘለለ አለቀሰ። አማቴም አለቀሱ።

"ጌታ ይመስገን፤ እንግዲህ እኔም በሰላም ልኖር ነው" አሉኝ ወደ ቤት ስንመለስ።

በማግስቱ ጠዋት ዛዲንጋ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልጠጣም።

"እትዬ፣ ያ ቡናማ ውሻዎ..."

"ምን ሆነ?"

"ነብር አልበላውም።"

አማቴ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ።

"ሌሊት ሌሊት ይጮህብኝ ነበር። መርዝ ያለበት ሥጋ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጫካ ውስጥ የጣልኩትም እኔው ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። እኔ አሁን አዲስ ሰው ነኝ።"

አማቴ ውሻውን በጣም ይወዱት ነበር። ግን የጉባኤው ሙቀት ገና ከልባቸው አልወጣም። ቆሙ፤ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ" አሉት። እሱም ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ እየዘመረ ቁልቁል ወረደ። እሳቸው ባዶውን ስኒ እያዩ ቀሩ።

"ጥሩ ውሻ ነበር" አሉ።

ነገሩ በዚያ አልቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። በሚቀጥለው ቀን እንደገና መጣ። ከጣሪያችን የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ወደ ገንዳችን የሚወስደውን አሸንዳ፣ እያንዳንዱ ክረምት ከመግባቱ በፊት በመዶሻ እያጣመመ ወደ እሱ ገንዳ ያዞረው ነበር። እኛ በደረቁ ወራት ከምንጭ ውሃ ስንሸከም፣ ወገባችን ሲቆረጥ፣ እሱ እግሩን በእኛ ውሃ ይታጠብ ነበር። ይህንንም ይቅር አሉት። እየዘመረ ወረደ።

ከዚያ የሥጋው ነገር መጣ። ከምድጃችን በላይ፣ ጭስ ላይ ሰቅለን የምናደርቀው የአሳማ ሥጋ አለ። ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ሙሉ ታፋ ጠፍቶብን ነበር። ዛዲንጋ ሁላችን ገበያ በሄድንበት ገብቶ እንደወሰደው ተናገረ። አማቴ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ያኔ ታፋውን ለእናቴ የላክሁት እኔ እንደሆንኩ ጠርጥረው ነበር። በአፋቸው አላሉኝም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሥጋ የሚቆርጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ያንን አስተያየት ከሩዜ እኩል ስበላው ኖሬያለሁ!

"እማማ፣ እና የወሰድኩት እኔ መስዬዎት ነበር?" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ አሁን አትጀምሪኝ!"

እነሆ፣ ዛዲንጋ ነጻ ወጣ፤ እኛ አማትና ምራት ተኳረፍን። እሱ ከታች ምስማር እየመታ "ከኃጢአት ወጣሁ" እያለ ይዘምራል።

አንድ ማለዳ እግሩ ደረጃው ላይ ሲሰማ አማቴ ልባቸው ውልቅ አለ።

"ይህ ሰውዬ የራሱን ሸክም እኔ ደጅ ላይ እያራገፈ ልቡ ቀልሎት ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ አንገቴ ጎበጠ!" ብለው በሩ ላይ ጠበቁት። "ዛዲንጋ፣ ይህን ሁሉ ለጌታ አልነገርከውም?"

"ነግሬዋለሁ፣ እትዬ።"

"ይቅር አላለህም?"

"ብሎኛል እንጂ!"

"ታዲያ እዚያው አይበቃህም? ምን ቀርቶህ እኔ ጋ ትመጣለህ?"

"እርስ በርሳችን እንድንናዘዝ ተነግሮናል እኮ። የዛሬው ትንሽ ናት። ስለ አጥሩ ነው።"

አማቴ በሩን ተደገፉ።

የባሌ አባት በሞቱ ዓመት፣ አማቴ በሐዘን ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ ዛዲንጋ በመካከላችን ያለውን የቀርከሃ አጥር ነቅሎ ወደ እኛ አስገብቶ ተክሎት ነበር። ዛሬ እዚያ መሬት ላይ ሚስቱ ቲያሊ ዝንጅብል ታበቅላለች። ይህን ሁሉ በትሕትና ተናግሮ ዓይኑን ጨፍኖ ይቅርታውን ጠበቀ።

"እሺ። ይቅር ብያለሁ። አሁን ሂድና መልሰው" አሉት።

ዓይኑን ገለጠ። "ምኑን?"

"አጥሩን ነዋ!"

"እትዬ፣ ያ እኮ ታጥቧል። ጌታ ወደ ባሕር ጥሎታል።"

"ኃጢአትህን ጣለው እንጂ መሬቴን መች ጣለው! መሬቴ ይኸውልህ፣ ዝንጅብል በቅሎበታል!"

"እንዲህ ካደረግሁማ በሥራዬ ልጸድቅ ሆነ ማለት ነው። ጸጋ እኮ ነጻ ስጦታ ነው።"

"ኧረ በሕግ አምላክ!" ብለው ጮኹ አማቴ።

"እኔ ከሕግ በታች አይደለሁም፣ እትዬ። ከጸጋ በታች ነኝ።"

አማቴ መጥረጊያ ሲያነሱ አየሁና መሐላቸው ገባሁ። የዚያኑ ዕለት እየገፉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ወደ ጋሼ ሮኩማ ወሰዱት፤ እኔም ለምስክርነት ተከተልኩ።

ጋሼ ሮኩማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጥቁር ሻይ በቡናማ ስኳር ይጠጡ ነበር። ሁለቱንም እኩል ሰሟቸው፤ እኩል ማለቴ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚናገሩ ነው። ሲደክማቸው እጃቸውን አነሱ።

"ዛዲንጋ፣ ድሮ ይህን አጥር ልመልስ ብትል ይሆንልህ ነበር?"

"የት ሆኖልኝ! እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ..." አማቴን ሰረቅ አድርጎ አያቸው፤ መጥረጊያው አሁንም በእጃቸው ነበር። "አሁንማ እወዳቸዋለሁ።"

"ታስሮ የነበረው እጅህ ተፈትቷል ማለት ነው። በሥራህ ልትጸድቅ አይደለም፤ ጸድቀሃል፣ እሺ። ታዲያ የተፈታ እጅ ምን ይሠራል? ኪስ ውስጥ ይቀመጣል?"

ዛዲንጋ እጆቹን አየ።

"ይኸው! እኔ ምን አልኩህ!" አሉ አማቴ።

"ዳርታንጊ፣ አንቺም ዝም በዪ። ሰውየው እየሰማ ነው።"

በማግስቱ ዛዲንጋ አጥሩን መንቀል ጀመረ። አሁን ደግሞ የቲያሊ ተራ ሆነ። ቲያሊ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ድምፅ እንዳላት መንደሩ ሁሉ አወቀ።

"አንተ ትጸድቃለህ፣ የእኔ ዝንጅብል ይቀራል! ስትሰርቅ አላማከርከኝ፣ ስትመልስ አላማከርከኝ! ስትሰክርም ስትድንም የምትጎዳኝ እኔን ነው!"

እውነቷን ነበር። አማቴ እንኳ ከላይ ሆነው እየሰሙ "እውነቷን ነው" አሉ። ከዚያ መስኮቱን ከፍተው "ቲያሊ፣ ዝንጅብልሽን እስክታነሺ አጥሩ እዚያ ይሁን፤ ነቅለሽ ስትጨርሺ ይተክለዋል!" አሏት። ዝንጅብሉ ተነቀለ፤ አጥሩም ቀጥ ብሎ፣ አናጢ እንደተከለው ሆኖ በቦታው ቆመ። አማቴ አጥሩን በእጃቸው እየነቀነቁ ሞከሩት። ያን ቀን እኔን "የሥጋውን ነገር ተሳስቼ ነበር" አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ቢሆንም አሉኝ።

ዛዲንጋ ግን አንድ ነገር አስቀርቶ ነበር።

መጀመሪያ ያልተናገረው ለምን እንደሆነ ሲናገረው ገባኝ። ያን ጠዋት አልተቀመጠም፣ አልዘመረም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ያሽ ነበር።

"ስለ ኪሚ ነው" አለ።

ኪሚ የባሌ ታላቅ እኅት ናት፤ ከተማ አስተማሪ ናት፤ አላገባችም። ከዓመታት በፊት ከማዶው ኮረብታ አንድ ጥሩ ቤተሰብ ለልጁ ጠይቋት፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ምክንያት ሳይሰጥ ቀርቷል። ኪሚ ያኔ ምን አጥፍቼ ነው እያለች አልቅሳለች ይባላል። ወደ ከተማ የሄደችውም ለዚያ ነው።

"የልጁን አጎት መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰክሬ ነበር። የእርስዎ አሳማ አትክልቴን ረግጦብኝ ተጣልተን ነበር። ልጅቷ ደም ትተፋለች፣ ሳንባዋ አልቋል፣ አልኩት።"

አማቴ ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኹም። ተነሡ፤ በሩን ቀስ ብለው ፊቱ ላይ ዘጉ፤ መቀርቀሪያውንም አስገቡ። ከዚያ ተመልሰው የጀመሩትን ጎመን መቀንጠስ ቀጠሉ። ቅጠሉን ሁሉ እየጣሉ አገዳውን ድስት ውስጥ ይጨምሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአሳማ ምክንያት እንኳ አላናገሩትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእሱ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ጋሼ ሮኩማ ሊመክሩ መጡ።

"ጋሼ፣ አይድከሙ" አሏቸው አማቴ። "ለውሻዬ፣ ለውሃዬ፣ ለሥጋዬ፣ ለመሬቴ ይቅር ብያለሁ። ይህ ግን ልጄ ናት። ለእሱ ጸጋው እንዲያው በነጻ ነው፤ እሺ ይሁን። ታዲያ የእሱ ጸጋ ለምንድን ነው በእኔ ትከሻ የሚሆነው?"

ጋሼ ሮኩማ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"የጌታም መስቀል በራሱ ትከሻ ላይ ነበር" አሉ።

"እሱ ጌታ ነው። እኔ ዳርታንጊ ነኝ።"

ሽማግሌው ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ዝናቡ ሲጀምር ዛዲንጋ ወደቀ። ማዶ ሰፈር ለአንድ ሰው መስኮት ሠርቶ ሲመለስ አጠጡት ወይ ራሱ ጠየቀ፣ አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ያን የድሮ የስድብ ዘፈኑን እየጮኸ መንገዱን ሙሉ ሲንገዳገድ ሰማነው። አማቴ "ይኸው፣ የዳነው!" አሉ። ፊታቸው ላይ ግን ደስታ አላየሁም።

በቀጣዩ እሑድ ቲያሊ ወደ ላይ መጣች። ጠላቷ ቤት እንደምትገባ ሰው ደጃፉ ላይ ቆመች።

"አይነሣም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አይበላም። ሁሉም ውሸት ነበር፣ ያው የድሮው ነኝ ይላል። እኔ ምን ላድርገው?"

"እሰይ! እኔ ተገላገልኩ" አሉ አማቴ። ሩዝ ሊቀቅሉ ይዘው ነበር። እንደ ልማዳችን ሩዝ በተቀቀለ ቁጥር ለቤተ ክርስቲያን የሚለየውን አንድ እፍኝ ወስደው የቤተ ክርስቲያኑ ማሰሮ ውስጥ ጨመሩ። እንደገና እፍኝ ወሰዱ፤ ያንንም ማሰሮው ውስጥ። ሦስተኛውን ሲጨምሩ "እማማ፣ ለእኛ ሳይተርፈን!" አልኩ። ወንፊቱን ወረወሩት። ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና በዝናቡ ቁልቁል ወረዱ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩ፤ ቲያሊም ከኋላዬ።

ዛዲንጋ እንደተባለው ግድግዳውን እያየ ተኝቷል።

"ተነሥ!" አሉት።

"እትዬ፣ ተዉኝ። ሰባኪው የተናገረው ለሌላ ሰው ነው። የድሮው ጌታዬ ጠራኝ፣ አቤት ብዬ ሮጥኩ። እኔ ያው ዛዲንጋ ነኝ።"

"ያው ዛዲንጋ? ያው ዛዲንጋማ ሰክሮ በነጋታው ደግሞ ሊሰክር ይወጣ ነበር! አንተ መቼ አፍረህ ታውቃለህ? ይህን ሁሉ ዓመት ከላይህ ስኖር አንድ ቀን ስታፍር አይቼህ አላውቅም! ዛሬ ምን ተገኘና ነው እንደ ሙሽራ ግድግዳ ይዘህ የተኛኸው?"

ዛዲንጋ ቀስ ብሎ ዞረ። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ስማ" አሉት። "ያንን ሁሉ ይቅር ያልኩህ ቀልሎኝ መሰለህ? አንጀቴ እየተቆረጠ ነው። አሁን በአንድ ጣሳ አረቄ ልትጥለው ነው? የእኔ ይቅርታ የአሳማ ቀለብ ነው እንዴ? ወድቀህ ከሆነ እንደ ሰው ተነሥ! ጸጋ የሚባለው ለቆመ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያስ አንተን ማን ይጠራህ ነበር?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዛዲንጋ ተቀመጠ።

"የኪሚንስ?" አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ከአማቴ ቀሚስ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

"የኪሚን ገና ነኝ" አሉት። "አልዋሽህም፣ መንገድ ላይ ነኝ። አንዳንድ ቀን የደረስኩ ይመስለኝና ስታስል ስሰማ እመለሳለሁ። ግን አንተ ወደ ድሮው ቤትህ ከተመለስክ እኔ ለማን ብዬ ነው ይህን ዳገት የምወጣው? ተነሥና ታጠብ። ትሸታለህ።"

ቤተ ክርስቲያን የደረስነው ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ነው። አራታችንም በስብሰናል። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየን። ዛዲንጋ በሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል አማቴ በክርናቸው ገፍተው ወደ ፊት አሳለፉትና ከቲያሊ አጠገብ አስቀመጡት፤ እሳቸው ግን ሄደው ሌላ ቦታ ተቀመጡ።

ኪሚ ትምህርት ሲዘጋ መጣች። ዛዲንጋ በረንዳችን ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ ያየችው እሱን ሳይሆን እናቷን ነው።

"እማዬ፣ ታውቂ ነበር?"

"ከክረምቱ በፊት ነው የሰማሁት።"

"እና በየሳምንቱ እየደወልሽ ስለ አሳማ ታወሪኛለሽ?"

"በስልክ ይነገራል እንዴ ይህ?"

እናትና ልጅ በነገር ተያያዙ፤ ዛዲንጋ መሐል ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ ኪሚ ወደ እሱ ዞራ "ለእኔ የነገርከኝ ለእኔ ምንም አያደርግልኝም፤ እኔ ሳንባዬን አውቀዋለሁ። ሂድና ለእነሱ ንገር" አለችው።

ሄደ። መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ስለነበር በእግሩ ሸለቆውን ወርዶ ማዶ ወጣ። ልጁ አግብቶ ወልዷል። አጎትየው ሰምቶ መሬት ላይ ተፋ፤ እናትየው ግን አልቅሳ ለኪሚ ከጓሮዋ ብርቱካን ላከች። ዛዲንጋ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ፤ የሆነውን ምንም ሳይጨምር ተናገረ።

"ሰማሁ" አለችው ኪሚ። ይቅር አለችው አላለችውም፣ አልጠየቅኋትም፤ በዚያ ሰሞን እኛ ቤት ይህን የሚጠይቅ ራሱን የጠላ ሰው ነው።

አረቄውን ደግሞ ጨርሶ ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ቀምሷል። ያኔ ግን ግድግዳ ይዞ አልተኛም፤ በማግስቱ ራሱ ጋሼ ሮኩማ ዘንድ ሄዶ ነገራቸው፤ ከዚያ መጥቶ የእኛን አሸንዳ ጠገነ።

ኪሚ ወደ ከተማ የምትመለስበት ቀን መኪናው ከቤታችን በላይ ባለው መንገድ ዳር ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ባሌ ስላልነበረ ሣጥኗን የሚያወጣ ጠፋ። ዛዲንጋ ከታች ብቅ አለና ኪሚን አያት። እሷም ጥቂት አየችውና ከሣጥኑ ፈቀቅ አለች። ተሸክሞት ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

"ቀስ በል እንጂ!" ብለው ጮኹ አማቴ ከበረንዳው። "አትንጠው! እንቁላል አለበት፣ እንቁላል! አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ቀስ ማለት አታውቅም?"